ጎመኑ ውስጥ የጨመርኩት ጨው

ባለቤቴ "ሴትዮ፣ ይሄ ወጥሽ ጨው የለውም" ማለት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እኔም "ለደም ግፊትህ ብዬ ነው" እለዋለሁ። ውሸቴን ነው። ደም ግፊት ሳይነካው በፊትም እጄ ጨው ላይ ይፈራ ነበር። ምክንያቱን ለማንም አውርቼ አላውቅም። አሁን ግን አባባም እማዬም አርፈዋል፤ እኔም አርጅቻለሁ፤ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሆሳዕና ከተማ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ተወስዶ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆኗል። "መጤ ሃይማኖት" ነው የምንባለው። ሰው በየቤቱ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጸልያል። መዝሙር እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። አሁን ልጆቼ በማይክራፎን ሲጮኹ ስሰማ ሳቄ ይመጣል።

አባቴ ኤርጫፎ አናጢ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት እቤታችን ተሰብስበን ስንጸልይ በሩ ተበረገደ። የመጣው ጓድ ግርማ የሚባል ካድሬ ነው። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ሲሆን ከተማው ሁሉ ይፈራዋል። ከታጣቂዎቹ ጋር አባባን እየገፉ አጥሩ በር ላይ ሲደርሱ "ሁለተኛ አይለምደኝም ብለህ ፈርምና ግባ" አለው።

አባባ "ልጄ፣ እሱን እንኳ መፈረም አልችልም" አለ።

"ልጄ" መባሉ ይሁን ሌላ እንጃ፣ በጥፊ መታው። የአባባ ባርኔጣ ጭቃ ውስጥ ወደቀ፤ ሰውዬው ረግጦት አለፈ፤ አባባን ይዘውት ሄዱ። አባቴን ሰው ጮክ ብሎ ሲናገረው እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። እማዬ ባርኔጣውን አንስታ አጠበችውና በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። "ሲመጣ ያደርገዋል" አለች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ትምህርት ቤት ለምሳ ስንለቀቅ፣ የአባባን ምግብ እስር ቤት የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ቆጮና ጎመን፣ ሲገኝ ደግሞ አይብ። በሩ ላይ አስር አለቃ ሸምሱ የሚባል ጠባቂ ነበር። ደንቡ፣ ምግቡን ያመጣው ሰው እሱ ፊት መቅመስ አለበት። አንዲት ሴትዮ ቆጮ ውስጥ ወረቀት ደብቃ ተይዛ ባሏ ስንት ቀን ምግብ እንዳይገባለት ተከልክሏል። እኛ እንደዚያ እንዳይደርስብን እንፈራ ነበር። ውስጥ ደግሞ ውሃ ችግር ነው፤ በጣሳ እየተሰፈረ ነው የሚሰጣቸው።

ሸምሱ ቆጣ ያለ ሰው ነው፤ ግን ቀስ በቀስ ለመደኝ። በኋላ በኋላ "እለፊ፣ የኤርጫፎ ልጅ" እያለ ሳያስቀምሰኝ ያስገባልኝ ጀመር።

አራት ወር አልፎ አንድ ቀን ከተማው በወሬ ተናጠ። ጓድ ግርማ ታሰረ! ከራሱ ጓዶች ጋር ተጣልቶ ነው አሉ። እሰይ አልኩ። የእጁን ነው ያገኘው! ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ነበር የገባሁት።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። የአባባ ምሳ ዕቃ ተጠርጎ ባዶውን መመለስ ጀመረ። አባባ ደግሞ ድሮም ምግብ የሚቀምስ እንጂ የሚበላ ሰው አልነበረም። እማዬ ነገሩ አላምር ቢላት አንድ ቀን አብራኝ ሄዳ ሸምሱን ጠየቀችው።

"ያ ካድሬ ዘመድ የለውም፤ ምግብ የሚያመጣለት የለም። ባልሽ ነው የሚያካፍለው" አላት።

ወይ ጉድ! እማዬ እንደ እኔ ትናደዳለች ብዬ ፊት ፊቷን አያለሁ። እሷ ግን እቤት ስንደርስ "ታዲያ አባትሽ በግማሽ ሆድ ሊውል ነው?" አለች። በማግስቱ ሁለት ምሳ ዕቃ ቋጠረች። ይባስ ብሎ ለሰውዬው ዳቦ ገዛችለት፤ "አገሩ ሩቅ ነው፣ ቆጮ አልለመደም ይሆናል" ብላ። እኛ ዳቦ በስንት ጊዜ ነበር የምናየው?

አለቀስኩ። "የአባባን ፊት የመታ እጅ በእኔ እጅ አይጎርስም!" አልኳት።

እማዬ ቋጠሮዋን እያጠበቀች በሀዲይኛ እንዲህ አለችኝ። "አንቺ ብቻ አድርሺው። መውደዱን ለጊዜው እኔ እወድልሻለሁ።"

ለሁለት ሳምንት አደረስኩ። ልቤ ግን አልተመለሰም። አንድ ቀን ሰይጣን ልቤ ገባ ልበል? የራሴው ክፋት ነው፣ በሰይጣን ላይ ምን አስዋሸኝ። እማዬ ጓሮ ስትወጣ ከማድጋው ጨው ዘገንኩና የሰውዬውን ጎመን ከፍቼ እፍኙን በሙሉ ጨመርኩበት። አማሰልኩት። ጠጥቶ የማይረካበት ቦታ ነው ያለው፤ ይቃጠል አልኩ። ሸምሱ አያስቀምሰኝም፤ ማን ያውቃል?

በሩ ላይ ስደርስ ሸምሱ ብቻውን አይደለም። አንድ ትልቅ አለቃ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሸምሱ እንግዳ እንደሆንኩ ሁሉ ፊቱን አኮሳትሮ "ቅመሺ" አለኝ።

የአባባን ቀመስኩ። "ይህንንም" አለ።

ዳቦውን ቆረስኩ፤ ጎመኑን በትንሹ ጠቀስኩ። ሸምሱ "በደንብ" አለ። ጎረስኩ። ወገኖቼ፣ ምላሴ ተቃጠለ። ልውጠው ብል ጉሮሮዬ እምቢ አለ፤ ልተፋው ብል አለቃው ያየኛል። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

አለቃው ጠጋ አለ። "ምን ሆነች? ምግቡ ውስጥ ምን አለ?"

ያኔ ነው የገባኝ። መርዝ ነው ቢሉስ? አባባ በእኔ ምክንያት ምግብ ቢከለከልስ? ከዚያም የባሰ ቢያደርጉትስ? በልቤ "ጌታ ሆይ፣ እሱን አትቅጣብኝ" እላለሁ፤ አፌ ግን በጨው ተይዟል።

ሸምሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ምሳ ዕቃውን አየ። ከዚያ ራሱ ዳቦ ቆርሶ ጎመኑን ዛቀና ጎረሰ። አላመጠ። ፊቱ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። ዋጠው።

"ዳጣ ነው ጌታዬ። እነዚህ ሰዎች በርበሬ ሲያበዙ ለጉድ ነው" አለና ሁለቱንም ምሳ ዕቃ አሳልፎ ወደ ውስጥ ላከ።

አለቃው ከሄደ በኋላ ሸምሱ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። "ይሄ የእናትሽ እጅ አይደለም" አለኝ። "አምኜሽ ነበር። ከነገ ጀምሮ ትቀምሻለሽ።" ከዚያ ኮዳውን አንስቶ ውሃ ግጥም አድርጎ ጠጣ፤ ለእኔም ሰጠኝ።

ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ምግብ አስቀመሰኝ። በቀመስኩ ቁጥር አፍር ነበር። ስንት ወር ቆይቶ ነው አንድ ቀን ሳልጠብቀው "እለፊ፣ የኤርጫፎ ልጅ" ያለኝ። እቤት እስክደርስ ዘለልኩ።

አባባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተፈታ። አልፈረመም። ከስቶ ነበር፤ እማዬ ባርኔጣውን ከሚስማሩ አውርዳ ራሱ ላይ ብታደርግለት እስከ ጆሮው ወረደ።

ሳምንታት ቆይቶ ግርማም ተለቀቀ። ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት እቤታችን መጣ። ሰውነቱ አልቆ፣ "ጓድ" የሚለው ማዕረግ ከላዩ ተገፎ፣ አንድ ምስኪን ልጅ ሆኗል። የእማዬን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ ክንዱን ይዛ አነሳችው። ቁጭ ብሎ ሲጫወት በመሃል ሳቅ አለ።

"ጋሽ ኤርጫፎ ግን የጨው ፍቅራቸው!" አለ። "አንድ ቀን የኔን ምሳ ገና አንዴ ብጎርስ ጨው ብቻ ሆነብኝ። እሳቸው ፊቴን አይተው ቀመሱትና 'የኔ ነው፣ ተሳስተው ነው የቀያየሩት፤ እኔ ጨው እወዳለሁ' ብለው ወሰዱት። የራሳቸውን ሰጡኝ። ያንን ሁሉ በሉት እኮ! ሲጠማቸው ውሎ ሲጠማቸው አደረ።"

እማዬ "ኤርጫፎ? ጨው?" አለች። ዞራ እኔን አየችኝ።

ጉድጓድ አርቀህ አትማስ፣ የሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እኔ የማስኩት ጉድጓድ ውስጥ አባቴ ገብቶልኛል። ያውም እያወቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባባ ወለሉን እያየ "ጎመኑ ራሱ ግን ጥሩ ነበር" አለ።

እማዬ አልተቆጣችም። በሀዲይኛ "እስከ ዛሬ እኔ ወደድኩልሽ፤ አሁን እኔም ደከመኝ። ከዚህ በኋላ ራስሽ ውደጂ" አለችኝ።

ተነሳሁ። "ጨዉን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ላንተ ብዬ ነው" አልኩት ለግርማ።

ግርማ የአባባን ባርኔጣ አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። "የኔ ጥፊ ይበልጣል" አለ። "ይቅር በይኝ፣ እህቴ።" እኔም አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ።

እማዬ "በሉ፣ ልጁ እንደራበው ነው፤ አቅርቢለት" አለች። ያለው ጎመን ነበር። ሳህኑን ፊቱ አስቀምጬ ልመለስ ስል እንባውን ጠርጎ እንደ ሸምሱ ፊቱን አኮሳተረ።

"መጀመሪያ ቅመሺ!"

አባባ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም ቀመስኩ፤ ከዚያ ግርማን በእጄ አጎረስኩት።

ቆይቼ አባባን "እኔ እንደሆንኩ በምን አወቅህ?" አልኩት። "እናትሽንም አውቃታለሁ፤ አንቺንም አውቅሻለሁ" አለኝ። ለምን እንዳልተናገረ ብጠይቀው "እሱ ቢያውቅ ይጠላሽ ነበር። ሁለት ሰው ተጣልቶ ከሚኖር አንድ ሰው ለአንድ ቀን ቢጠማ ይሻላል" ብሎ የእንጨት መላጊያውን አነሳ።

ስለ ፍቅር ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ጥሩ ስብከት። ማን ምን እንዳለ ግን ረስቼዋለሁ። ይህንን አልረሳሁትም። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ከማፈሬ በላይ ግን ደስ ይለኛል፤ እንደነሱ ባሉ ሰዎች እጅ አድጌያለሁና። ግትርነቴ አሁንም አለ። ሰው ሲያስቀይመኝ ግን የአባባ ጥማት ትዝ ይለኛል፤ እጄን እሰበስባለሁ።

ባለቤቴ ሆይ፣ ይህን ካነበብክ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጨው ጠረጴዛው ላይ አለልህ፤ ራስህ ጨምር።