ሳሎኑን የወሰደችው ዓሣ

ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። ሰፈሩም «መጋረጃ» እያለ ይጠራታል፤ እሷም አቤት ትላለች። የምትኖረው ወላጆቿ በተዉት ቤት ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ወንድሟ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ስትሞትበት ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። እሷ ግን ከዚያ ቤት ወጥታም አታውቅ። እናቷን አስታመመች፣ ታናናሾቿን አስተምራ ዳረች፣ ሁሉም በየቤቱ ሲገባ እሷ ከስፌት መኪናዋ ጋር ቀረች። አንድም ቀን «ይሄ አማረኝ» ስትል የሰማት ሰው አልነበረም።

አንድ የጌጥ ዓሣ ነጋዴ መጋረጃ አዘዛት። ፀሐይ በመስኮት እየገባ የገንዳዎቹን ውሃ አረንጓዴ እያደረገበት ተቸግሮ ነበር። ሰፍታ ጨርሳ ሄደች፤ መሰላል ላይ ወጥታ ስታንጠለጥል ዓይኗ ጥግ ላይ ወዳለ ገንዳ ወረደ። አሸዋው ላይ አንድ ክብ፣ ጠፍጣፋ ነገር ተነጥፏል። መልኩ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ቢጫ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ሁለት ዓይኖች ከጀርባው ላይ ብቅ ብለው ሽቅብ ያዩዋታል። ወዲያው ያ ነገር ጠርዙን ዙሪያውን እያርገበገበ ተነሣና መስታወቱን ታክኮ ወደ ላይ ወጣ። ሆዱ ነጭ ነው፤ አፉ እዚያ ነጭ ላይ ነው፤ የሚስቅ ይመስላል።

«በስመ አብ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስቲንግሬይ የሚባል ዓሣ ነው እትዬ። የወንዝ ነው፣ ባሕር አያውቅም። ሴት ናት።»

ከመሰላሉ ወረደች። መጋረጃው ግማሹ ተሰቅሎ ግማሹ መሬት ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

«ሽጥልኝ።»

ነጋዴው ሳቀ። «ቤትዎ ገንዳ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ይቺን አልሸጥልዎትም። ከትንንሾቹ ልስጥዎት፤ ለጀማሪ እነሱ ይሻላሉ።»

«ትንንሽ አላልኩህም እኮ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ወንበር ሰጣትና አስረዳት። ጅራቷ ላይ መርዝ ያለው እሾህ አለ። ታድጋለች፤ የምትሰፋውም ወደ ጎን ስለሆነ ከፍ ያለ ሳይሆን ሰፊ ገንዳ ትፈልጋለች። ውሃ ሲቆሽሽ ከሌሎቹ ዓሦች ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት።

«ገንዳውን ያሠሩ። ውሃው መድረሱን በዓይኔ ሳላይ ግን አልሰጥዎትም።»

«ውሃ ይደርሳል እንዴ? ሊጥ ነው?»

«እንደ ሊጥ ቶሎ ቢደርስማ ምን ነበረበት! ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን መርዝ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ። ማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል።»

ቤቷ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንስታ ሳሎኑን መለካት ጀመረች። ወንድሟ ሬዲዮኑን ቀነሰ።

«መጋረጃ ልትቀይሪ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ትልቁ ሶፋ ይወጣል። እዚህ የዓሣ ገንዳ አስገባለሁ።»

«እንግዳ ሲመጣ ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?»

«ማን መጥቶ ያውቃል?»

ወንድሟ ሬዲዮኑን መልሶ ከፍ አደረገ። ዓሣዋ ምን እንደምትመስል ስትነግረው ግን አፉ ተፈታ። «ትሪ በይኛ! መርዘኛ ትሪ ሳሎን ልታስገቢ ነው? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» እሷ የመጨረሻውን ቁጥር በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፈች።

ክረምቱን ሙሉ ትርፍ ሥራ እየተቀበለች ሰፋች። ብየዳ ቤት ሄዳ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል ወፍራም የብረት እግር አሠራች። መስታወቱን ካስቆረጠች በኋላ ማጣበቁን ራሷ ያዘችው። ግን ቸኮለች። ማጣበቂያው በደንብ ሳይደርቅ ውሃ ሞላችበት። በማግስቱ ጠዋት ወንድሟ ከአልጋው ሲወርድ ነጠላ ጫማው ተንሳፍፎ ወደ በሩ ሲሄድ አየ።

«ኧረ ጎርፍ! ኧረ ድረሱ!»

ጎረቤት ባልዲና መወልወያ ይዞ ደረሰ። የሳሎኑ ምንጣፍ፣ የመጽሐፍ ሣጥኑ ታችኛው ክፍል፣ ለደንበኛ የተቆረጠ አንድ ጣቃ ጨርቅ ራሰ። ወንድሟ በከዘራው ወለሉን እየመታ «አበቃ!» አለ። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃውን እየቀዳች «አላበቃም» አለችው። በነጋታው ምላጭ ይዛ የተጣበቀውን በሙሉ ፍቃ አነሳች። እንደ አዲስ አጣበቀችው። አሁን ደርቋል እያለች ብዙ ጊዜ ባልዲ ብታነሳም ብዙ ጊዜ መልሳ አስቀመጠችው። በመጨረሻ ስትሞላው አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ደግሞ የሰፈሩ መሳቂያ ሆነ። ባዶ ገንዳ፣ ማጣሪያው እየዞረ፣ እሷ በየጠዋቱ ቆንጠር አድርጋ የዓሣ ምግብ ትበትንበታለች።

«ማንን ነው የምታበይው?» አለ ወንድሟ።

«ውሃውን።»

«የባሰ አታምጣ!» ብሎ ወደ ደጅ ወጣ።

ነጋዴው እየመጣ ውሃውን በብልቃጥ ቀድቶ የመመርመሪያ ጠብታ ይጨምርበታል። አረንጓዴ ይሆናል። «መርዙ ገና አልጠፋም» ብሎ ይሄዳል። ደግሞ ይመጣል፤ ደግሞ አረንጓዴ። ጎረቤቶች «መጋረጃ፣ ውሃሽ ስንት ወለደ?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቅና ወደ ገንዳዋ ትመለሳለች። አንድ ቀን ግን ጠብታው ገብቶ፣ ብልቃጡ ተነቅንቆ፣ ውሃው ጥርት ያለ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ነጋዴው ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ደጋግሞ አየና «ነገ ይዤያት እመጣለሁ» አለ። እሷ ሶፋ ስለሌለ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ትሪዋ (ስሟ በዚያው ጸና) ጅራቷ ላይ ለጥንቃቄ የላስቲክ ቱቦ ተደርጎላት መጣች። አሸዋው ውስጥ ገብታ ከዓይኗ በቀር ሁሉ ነገሯን ቀበረች። ምግብም አልነካ አለች። ሽሪምፕ ሰጧት፣ አልበላችም። የዓሣ ሥጋ ሰጧት፣ አልበላችም። ቀን በቀን እየከሳች ሄደች፤ ጠርዟ ሽቅብ መታጠፍ ጀመረ።

ነጋዴው ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ ጠርዛቸው እንዲህ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ አይተርፉም። ልመልሳት እንዴ?»

«መንገድ ላይ ብትሞትስ?»

«እሱንም ፈርቻለሁ።»

«እንግዲያው ምን ላድርግ? ተስፋ ቁረጪ እንዳትለኝ እንጂ ሌላ ያሻህን ንገረኝ።»

ውሃውን በየቀኑ በከፊል እንድትቀይር፣ ከቧንቧ የቀዳችውን በርሜል ውስጥ አሳድራ ክሎሪኑ ሲወጣለት ብቻ እንድትጨምር፣ ትል ካገኘችም እንድትሞክር ነገራት። በረንዳው በርሜል በበርሜል ሆነ። እሷ ከጓሮው ቱቦ ሥር እርጥቡን አፈር በማንኪያ ትቆፍራለች፣ ትሉን ታጥባለች፣ በረጅም መቆንጠጫ ይዛ አሸዋው ላይ ታስቀምጣለች። ሳይበላ ሲቀር እንዳይበሰብስ መልሳ ታወጣዋለች። ደንበኞቿ «መጋረጃችንስ?» ሲሏት «ይደርሳል» ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ትሉን አስቀምጣ እጇን ስታወጣ አሸዋው ቦነነ። ትሪዋ ተነሥታ ትሉ ላይ ተነጠፈችበት። ስትነሳ ትሉ የለም።

«ጋሼ! ጋሼ! በላች!»

ወንድሟ «እሰይ!» ብሎ ከመኝታ ቤቱ ጮኸ። ቀጥሎ ግን ያመለጠው ቃል መሆኑ ታወሰውና «ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለ።

ትሪዋ አገገመች፣ ወፈረች፣ ሰፋች። መጋረጃም ተዝናናች፤ መዝናናቷ ነው የጎዳት። አንድ ቀን ማጣሪያውን እያጸዳች ሳታይ እጇን አሸዋው ላይ አሳረፈች። ያረፈው ግን አሸዋ ላይ አልነበረም። የግራ እጇ መዳፍ ተበሳ። ጩኸቷ ከመንገድ ማዶ ተሰማ። ሕመሙ እንደ እሳት ክንዷን ወጣ፤ ላብ አጠመቃት።

ወንድሟ በዚያ ጉልበቱ ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፣ ሮጦ ለነጋዴው ደወለ። ነጋዴው በስልክ «እጇ የሚችለውን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ ከዚያ ሐኪም ጋ!» አለው። ውሃ አሙቆ፣ በራሱ እጅ ሙቀቱን ፈትሾ ነከረላት። ሕመሙ ቀዝቀዝ ሲል በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ቁስሉ ታጠበ፣ መርፌ ተወጋች፣ እጇ ተጠቅልሎ ተመለሰች።

ወንድሟ በር ላይ ቆመ። «ዛሬውኑ ትወጣለች። አንቺን ቀብሬ ትሪ ስጠብቅ አልኖርም!»

«ጋሼ፣ እሷ እኔ አልጋ ላይ አልመጣችም። ቤቷ ገብቼ የጫንኳት እኔ ነኝ።»

«እጅሽ እኮ እንጀራሽ ነው!»

«አውቃለሁ። ከእንግዲህ ሳላይ እጄን አላስገባም። እሷ ግን አትወጣም።»

ተያዩ። እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ። «እስክትድኚ ማን ሊያበላት ነው ታዲያ?» አለ። እሷ መቆንጠጫውን አሳየችው።

መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ፣ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚያበላት። ውሎ አድሮ በርጩማ አመጣ። ኋላ ትሪዋ የከዘራውን ድምፅ ስትሰማ መስታወቱን ይዛ እየወጣች ውሃውን ትረጭበት ጀመር፤ እሱም «ቆይ እንጂ አንቺ ሆዳም!» እያለ ያናግራት ጀመር። እህቱ መስማቷን ሲያውቅ ያስላል።

እጇ ዳነ፤ መካከለኛ ጣቷ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። ጨርቅ አያያዟን ቀየረች። ለወራት ስፌቷ እየተጣመመ እየፈታች ሰፋች፤ በመጨረሻ እጇ ለመደው።

በሦስተኛው ዓመት ትሪዋ ገንዳው ውስጥ መዞር ተሳናት። ወንድምና እህት መከሩ። ሳሎኑን ከእሷ መኝታ ቤት የሚለየው ግድግዳ እንዲፈርስ ወሰነች፤ አልጋዋን ወደ ስፌት ክፍሉ አስገባች። ግንበኛው መዶሻውን ይዞ «እርግጠኛ ናችሁ?» ሲል «ምታው!» ያለው ወንድሟ ነው።

አዲሱ ገንዳ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሠራ። ውሃው ሲደርስ ነጋዴው መጣ። ከእህትየው ጋር ሆነው ትሪዋን በመረብ ሳይሆን ሰፊ የላስቲክ ሳፋ ከሥሯ አስገብተው ከነውሃዋ አነሷት። ወንድምየው ከኋላ «ጅራቷን! ጅራቷን ተመልከቱ!» ይላል። ቀስ ብለው አዘነበሉላት። ወረደች፣ አሸዋው ውስጥ ተቀበረች፣ ጠፋች።

ሦስቱም መስታወቱ ፊት ቆመው ጠበቁ። በኋላ አሸዋው ተነቃነቀ፤ ትሪዋ ተነሥታ፣ ጠርዟን ሙሉ በሙሉ ዘርግታ፣ ምንም ሳይነካት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ዋኘች። ዞረችና ደገመችው። መጋረጃ እጅጌዋን ሰብስባ መቆንጠጫውን አነሳች።