አየር ሻጩ ፓምፕ ሲመርጥ

የሰፈሩ ሰው የጎሚስታውን ስም ከረሳው ቆይቷል። ሁሉም የሚጠራው «ሠላሳ ሁለት» ብሎ ነው። ሠላሳ ሁለት የትንንሽ መኪኖች ጎማ የሚሞላበት የአየር ልክ ነው፤ እሱም ደንበኛ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ስንት ይሞላልኝ…» ከማለቱ «ሠላሳ ሁለት!» ብሎ ቱቦውን ይጎትታል። አርባ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲል ቃሉ ከምላሱ ጋር ተጣብቆ ቀረና፣ ድንገት ሲደነግጥ ወይም ሲደሰት ሌላው ሁሉ ይጠፋውና እሱው ያመልጠዋል። የመጀመሪያ ልጁ ተወለደች ሲሉት «ሠላሳ ሁለት!» ብሎ ጮኸ እያሉ ያሙታል። እሱም አያስተባብልም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ጎማ ከቸርኬው እያላቀቀ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እታለም ነበረች፤ ታላቅ እህቱ። እናታቸው ስትሞት እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ያሳደገችውም እሷ ናት። ሐኪም ይሆንልኛል ብላ የሰው ልብስ እያጠበች ስታስተምረው፣ እሱ በአሥራ አምስት ዓመቱ ደብተሩን ወርውሮ ጎማ ቤት ገባ። «አየር ልትሸጥ!» አለችው ያን ቀን። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ስታስተዋውቀው «ወንድሜ ነው፣ አየር ሻጭ» ነው የምትለው። እየሳቀች ነው የምትለው፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ግን ሁልጊዜ አንዲት ነገር ከውስጥ ትቆነጥጠዋለች።

«ሰኞ ዓይኔን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉልኝ ነው» አለችው። «እዚያው እናንተ ከተማ። ሐኪሙ አልደበቀኝም፤ ከተሳካ ያለችኝ ትተርፋለች፣ ካልተሳካ ግን ጨለማ ነው። ቅዳሜ ማታ አንተ ዘንድ እገባለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሁድ ኮረብታው ላይ ብትወስደኝ… ከቻልክ ነው።»

ኮረብታው ዛሬ ደሴት ነው። ግድቡ ተሠርቶ ውሃው መንደራቸውን ሲውጠው ከላይ የቀረችው ያቺ ጉብታ ብቻ ናት፤ የእናታቸው መቃብርም እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አልረገጧትም። ባለሞተር ጀልባዎች ወደዚያ አይጠጉም፤ ከውሃው ሥር የቆሙት የድሮ ዛፎች ሞተር ይሰብራሉ፣ መረብ ይቀድዳሉ።

«እወስድሻለሁ!» አለ ሳያስብ። ስልኩን ዘግቶ ወደ መደርደሪያው ቀና ሲል ልቡ ዘለለ። ከአሮጌ ቸርኬዎቹ በላይ፣ ከተማውን የለቀቀ አንድ ደንበኛ ጥሎለት የሄደው በአየር የሚሞላ ጀልባ ተጠቅልሎ ተኝቷል። መቅዘፊያው አለ። ፓምፑ የለም።

አየር ሻጭ አየር ቸገረው ቢባል ማን ያምናል? ግን የወርክሾፑ ኮምፕሬሰር ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነው። ጀልባውን እዚሁ ሞልቼ በመኪና ጣሪያ ልጫነው ቢል፣ ሦስት ሜትር ሙሉ ነገር መንገድ ላይ ንፋስ ይዞት ይሄዳል። በእግር የሚረገጠውን ፓምፕ ደግሞ ግራ ጉልበቱ አይችለውም፤ አምና ነው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት። በዚያ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ውሃው ላይ ንፋስ ይነሣል፤ ደርሶ መልሱም ከሦስት ሰዓት አያንስም። ጀልባው ማለዳ፣ እዚያው ዳር ላይ፣ በመኪና ባትሪ በሚሠራ ፓምፕ ቶሎ መሞላት አለበት። አለዚያ እታለም ኮረብታውን ሳታይ ሰኞ ይደርሳል።

ዓርብ ሱቁ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ደስታው አላስቆም ብሎት በአንድ እግሩ ያነክሳል፣ በሌላው ይዘላል። ሻጯ መነጽር ያደረገች፣ ንግግሯ ቀስ ያለ ወጣት ሴት ናት። ሁለት ዕቃ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንደኛው በመዳፍ የሚያዝ፣ ጥቁር፣ ክብድ ያለ፤ ጎኑ ላይ «150» ተጽፎበታል። ሁለተኛው ወፍራም ቱቦ ያለው ቀለል ያለ ሳጥን፤ እሱ ላይ የተጻፈው «16» ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጀልባው ላይ ስንት ሙላ ይላል?»

«ሦስት ይላል። የጻፈው ሰው ተሳስቶ መሆን አለበት፤ በሦስት ብስክሌትም አይነሣ!»

«አልተሳሳተም። እንግዲያው ይሄ ባለ ወፍራም ቱቦው ነው የሚሆንዎት። ልኩን ካስተካከሉለት፣ እዚያ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ሲመለሱ ደግሞ አየሩን መጥጦ ያወጣልዎታል።»

«ልጄ» አለ ሠላሳ ሁለት ፈገግ ብሎ፣ «እኔ አየር ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መቶ አምሳ እያለ አሥራ ስድስት ይገዛል?»

«ጎማ የሚሸከመው ጠንክሮ ነው ጋሼ። ጀልባ የሚሸከመው ሰፍቶ ነው። ይሄ ጥቁሩ ይገፋል እንጂ አያጠግብም፤ ትንፋሹ ቀጭን ናት።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ጥቁሩን አስጠቅልሎ እያፏጨ ወጣ። ሻጯ ባለ ወፍራም ቱቦውን ወደ መደርደሪያው አልመለሰችውም፤ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ጀልባውን ለሙከራ ከወርክሾፑ ፊት ዘረጋው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶት መጣ፤ ደንበኛውም በፎጣው ተከትሎት መጣ። ሠላሳ ሁለት ጥቁሩን ፓምፕ ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኘ፣ ቱቦ ቆርጦ፣ ፕላስተር ጠምጥሞ ጫፉን ከጀልባው አፍ ጋር አጋጠመው፣ ቁልፉን ተጫነ። ፓምፑ ተንጫጫ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አሥር ደቂቃ ሄደ። ጀልባው ከመሬቱ ጣት ያህል ተነሣ። ፓምፑን ሲነካው እጁን አቃጠለው፤ ሃያ ደቂቃ አሳረፈው። እንደገና አሥር ደቂቃ፣ እንደገና ዕረፍት። ጀልባው ሦስት ክፍል ነው ያለው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ የመጀመሪያው ክፍል ራሱ ጥርስ እንዳለቀበት ሽማግሌ ጉንጭ ሰርጉዶ ቀረ።

«በዚህ አካሄዱ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ለልጅ ልጆችህ ይደርሳል።»

ሁሉም ሳቀ። ሠላሳ ሁለት ግን አልሳቀም። በጣቱ ቆጠረ፤ እሁድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢጀምር እንኳ ጀልባው ሳይሞላ ንፋሱ ይነሣል። እታለምን ዳር ላይ አስቀምጦ፣ ኮረብታው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ፣ «አልሆነም» ሊላት ነው። አየር ሻጭ ወንድሟ አየር አጥሮት! ሱቁ ቅዳሜ የሚዘጋው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

እግሬ አውጪኝ አለ። በዚያ ጉልበት መሮጥ ሩጫ ከተባለ ሮጠ። ሻጯ መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርዳው ስለነበር ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ገባ። የጥቁሩን ፓምፕ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እሷም ካርቶኑን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ገና ትኩስ ነው» አለች፣ ሳቋን ይዛ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ባለ ወፍራም ቱቦውን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። «ከትናንት ጀምሮ እየጠበቀዎት ነው ጋሼ።»

«አየር ከኔ በላይ ታውቂያለሽ፣ ልጄ።»

«ኧረ አላውቅም። ጀልባ ነው የማውቀው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ገባ። እታለም የደረጃውን ጠርዝ በእግሯ እየፈለገች ስትወርድ አይቶ ፈጥኖ ክንዷን ያዘ። ባለፈው ዓመት እንዲህ አልነበረችም። ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ከፈተችና፣ «አየር ሻጩ! ወፍረሃል» አለችው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ እንደ ልጅ ጎህ እስኪቀድ ጠበቀ።

እሁድ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ዳር ደረሱ። ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ሠላሳ ሁለት የመኪናውን ኮፈን ከፈተ፣ መቆንጠጫዎቹን ባትሪው ላይ አሰረ፣ ልኩን ሦስት ላይ አድርጎ ቁልፉን ተጫነ። ፓምፑ በወፍራሙ አጓራ። ጀልባው ተንፈራገጠ፣ እጥፋቱ ተዘረጋ፣ ጎኖቹ ከሣሩ ላይ ተነሡ። «እዪ! እዪ እታለም!» ይላል፣ ዓይኗ ደካማ መሆኑን ረስቶ። እሷም እጇን የሚያብጠው ጎማ ላይ አድርጋ ከእጇ ሥር ሲነሣ እየተሰማት እንደ ልጅ ትስቃለች። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱም ክፍሎች ሞሉ፣ ፓምፑም በራሱ ጸጥ አለ።

ሠላሳ ሁለት ጀልባውን በእግሩ መታ አደረገው። ለስላሳ ነው። በእሱ ሕግ ይህ ነገር ገና ባዶ ነው። እጁ ሳያዘው ወደ መጨመሪያው ቁልፍ ሄደ።

«ቆመ እኮ» አለች እታለም ድምፁን ሰምታ። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ትንሽ ላጠንክረው ብዬ…»

«ይበቃኛል ያለን ምን ታስጨንቀዋለህ? ይልቅ ደግፈህ አስገባኝ።»

ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆየ። አርባ ዓመት ሙሉ ጨምር ያለው እጁ ነው። በመጨረሻ ፓምፑን ነቅሎ መኪናው ውስጥ ወረወረና ጀልባውን ወደ ውሃው ገፋው።

ቀዘፈ። ጉልበቱ ቢደክምም ክንዱ የጎሚስታ ክንድ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በረታች፣ ውሃውም ዓይን ይወጋ ጀመር። ኮረብታው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መዳፉን ጎኑ ላይ ቢያሳርፍ ጀልባው ሙቀቱን ጠጥቶ ራሱን ችሎ ጠንክሯል፤ ሊተረተር ምንም አልቀረውም። ዳር ላይ ያቺን ትንሽ ጨምሯት ቢሆን ኖሮ መጋጠሚያው እዚህ፣ ከድሮ ዛፎቹ በላይ፣ ይከፈት ነበር። ላብ አጠመቀው። የአንዱን ክፍል መክደኛ በጥቂቱ ላላ አድርጎ አስተነፈሰለትና መቅዘፉን ቀጠለ። ለእህቱ አልነገራትም።

ኮረብታው ከትዝታው ያነሰ ነበር። ከመቃብሮቹ አጠገብ የነበረው ትልቁ ዛፍ ግን አለ። እታለም እጁን ይዛ ወጣች፣ ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ፣ ከዚያ እጁን ለቀቀችውና ብቻዋን ሄደች። ልብ ካላየ ዓይን አይፈርድም፤ እሷ ግን በልቧ ታየው ነበር። ተንበርክካ በሣሩ መሃል የመቃብር ድንጋዮቹን በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። በዚያ ድንጋይ ጥግ ያለውን ስባሪ እሱም ያስታውሰዋል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ትንሹም እዚህ አለ። አደራሽን ተቀብዬ ሐኪም አደርገዋለሁ ብዬሽ ነበር። አልሆነም። አየር ነው የሚሸጠው።»

ሠላሳ ሁለት ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። እዚህም መጥታ ያንኑ ቀልድ፣ እናቱ ፊት።

«ይኸውልሽ እማዬ፣ ከስንት ሐኪምና ከስንት መሐንዲስ መሃል፣ ዓይኔ ሳይጠፋ አንቺ ዘንድ ያመጣኝ የሱ አየር ነው። አርባ ዓመት ቀለድኩበት። ዛሬ አንቺው ፊት ይቅር ይበለኝ።»

ዞር ብላ ፊቷን ወደ እሱ አደረገች፣ መልሱን እየጠበቀች። ስንት ነገር ሊላት ፈለገ፤ ስለ ልብስ አጠባዋ፣ ስለ ደብተሩ፣ አንድም ቀን ቂም ይዞባት እንደማያውቅ። እንባው መጣ፣ አፉን ከፈተ።

«ሠላሳ ሁለት!» አለ።

እታለም መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠና ሳቋ ፈነዳ፤ የዛፉ ወፎች ሁሉ ብር ብለው ተነሡ። እሱም ተከተላት። እናታቸው መቃብር አጠገብ ተያይዘው ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ንፋሱ ሊነሣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው።