አጎቴ የሚያሹበት ዘይት

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ በደርግ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። ከትራንስፎርመር የተቀዳውን አሮጌ ዘይት አለቃቸው «ጓድ፣ ለቁርጥማት ፍቱን ነው» ብሎ ሰጣቸው፤ አመኑት። እሑድ እሑድ ማሕሌት ቆመው ያደሩ ደብተራዎች ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው ደጃችን ሲመጡ፣ አጎቴ የእነሱን ጉልበት በዚያ ዘይት በባዶ እጃቸው ያሹ ነበር።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እኛ ሞተር አይደለንም!» ይሏቸዋል ደብተራዎቹ።

«ለትንሣኤ ያለ መቋሚያ ትዘላላችሁ!» ይላሉ አጎቴ እየሣቁ።

እጃቸው ቆሳስሎ፣ ጉበታቸው ታሞ ሞቱ። ደጃፉ ላይ ዛሬ የሚቀመጥ የለም።

በቀደም የሰፈሩን አሮጌ ትራንስፎርመር ሊያነሡ ጓንትና ጭንብል ያጠለቁ ልጆች መጡ። ጠጋ ብል አንዱ፣ «አባባ፣ ይራቁ! ዘይቱ መርዝ ነው» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ እግዜር ይስጠው። አጎቴን ያን ጊዜ «ይራቁ» የሚላቸው ምነው አንድ ሰው ጠፋ!