የታምሩ ዓይን አፋሮች

ታምሩን በመጀመሪያ ቀን ያገኘው ሰው ሁሉ ይወደዋል። ከሁለተኛው ቀን በኋላ የሚወዱት እናቱና አለቆቹ ብቻ ናቸው። ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል፤ እሱ ሶሻል፣ እኔ ሒሳብ። ስሜ ወርቅነሽ ይባላል። እሱ ሳይመጣ ገብቼ እሱ ከሄደ በኋላ ስለወጣሁ፣ ሰውየውን ከነጠመኔው አውቀዋለሁ።

ሱፉ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። በደረት ኪሱ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ ይሰካል። ስብሰባ ላይ ማስታወሻ የሚይዘው ተናጋሪው ባለሥልጣን ሲሆን ነው፤ መምህር መናገር ሲጀምር እስክሪብቶውን ይከድናል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ሲበለት ዳር ቆሞ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ አሞራ ያየ ሰው ታምሩን እንዳየ ይቁጠረው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ለመሆን እንኳ ትንሽ ድፍረት ያስፈልጋል።

ጊዜው ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ መምህሩም ተማሪውም አንድ ለአምስት ተደራጅቶ «የትምህርት ልማት ሠራዊት» የተባለበት። መምህር ሁሉ በየዓመቱ ክፍሉ ውስጥ አክሽን ሪሰርች እንዲሠራ ይታዘዝ ነበር። ችግር ትለያለህ፣ መፍትሔ ትሞክራለህ፣ ለውጡን ትለካለህ። አብዛኛው መምህር የአምናውን ርዕስ ገልብጦ ያስገባል፤ ሰነፍ ነው፣ ግን ማንንም አይጎዳም። ታምሩ ግን ሰነፍ አልነበረም። መሪ መምህር መሆን ይፈልጋል፣ ለደረጃ እድገቱ ደግሞ ጥናት ነጥብ አለው።

የዚያን ዓመት ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ልጅ በራሱ ሲተማመን፣ ስሜቱን ሲያውቅ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲግባባ ትምህርቱም እንደሚገባው አስረዳችን። እውነቷን ነበር፤ ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ዝም ያሉትን ልጆቼን እያሰብኩ በደስታ ሰማኋት። ታምሩ በሦስቱም ቀለም ጻፈ።

በሳምንቱ ርዕሱን ይዞ መጣ። «የዓይን አፋር ተማሪዎችን በራስ መተማመንና የክፍል ውስጥ ተሳትፎ በማሳደግ የትምህርት ውጤታቸውን ማሻሻል፤ በ5ኛ ‹ለ› ክፍል»። ለቀብር ማስታወቂያ እንኳ የረዘመ ነው። ይሁን፣ ሐሳቡ መልካም ነው ብዬ 5ኛ ‹ለ› ውስጥ የእውነት ዓይን አፋር የሆኑትን ነገርኩት። ሮዳስ አለች፤ ስሟ ሲጠራ ታለቅሳለች። ከቱላ የሚመጣ አንድ ልጅም አለ፤ ቤቱ የሚናገረው ሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛው እንዳይሳቅበት አፉን አይከፍትም።

ታምሩ አንገቱን ነቀነቀ። «እትዬ ወርቅነሽ፣ የእውነት ዓይን አፋር መርጬ መጨረሻ ላይ ቢያፍሩብኝስ?»

«ታዲያ ጥናት ማለት ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጥናት ማለት ውጤት ነዋ!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የክፍሉን ለፍላፊዎች መርጦ ፊት ለፊት ባለው ረድፍ አስቀመጣቸው። ሮዳስንና የቱላውን ልጅ ወደ ኋላ ሰደዳቸው። ከዚያ ፊት ያስቀመጣቸውን ምን እንዳላቸው የነገረኝ ሔኖክ ነው፤ ክፍል ውስጥ ዝንብ ብታልፍ እንደ ኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፍ ልጅ።

«ቲቸር፣ እስከ መጋቢት ዓይን አፋር ናችሁ ተባልን» አለኝ። «እጅ ማውጣት የለም። ስንጠየቅ አንገት እንደፋለን። በመጋቢት ተናገሩ ሲለን እንናገራለን።»

ሔኖክ ዓይን አፋርነቱን ሳምንት አልቻለበትም፤ ከረድፉ ተባረረ፣ እፎይ አለ። ኡሙልኸይር ግን ቻለችበት።

ይህች ልጅ ገበያው አጠገብ ጃንጥላና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጠው የዩኑስ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ቆማ ደንበኛ ታከራክራለች፤ ለመግዛት ያላሰበ ሰው እንኳ ጨዋታዋ ጥሞት ጫማ ይዞ ይሄድ ነበር። ክፍል ውስጥ ጥያቄዋ አያልቅም። ታምሩ ስለ ሐይቆች ሲያስተምር እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የኛ ሐይቅ መውጫ ከሌለው ለምን ጨው አልሆነም?» ብላው ነበር። «ሲለበሱ ላይ የለም» አላት። በማግስቱ ደግማ ጠየቀችው። ከዓይን አፋሮቹ ሁሉ አስቀድሞ ስሟን የጻፈው ለዚህ ይመስለኛል።

በዩኑስ ሱቅ አንድ ሕግ አለ። «ይሁን» ካልክ ዕቃው ወጥቷል። ከኋላህ የመጣ ሰው እጥፍ ቢሰጥ አይመለስም። ልጅቷ ይህን እየሰማች ያደገች ናት። ታምሩ «ቃል?» ሲላቸው ሌሎቹ በጨዋታ «ቃል!» አሉ፤ እሷ ግን ቃሏን ሰጠች።

ሱፐርቫይዘር በማንኛውም ክፍለ ጊዜ ሊገባ ይችላል ስለተባሉ በእኔም ክፍለ ጊዜ ዝም አለች። ጠርቻት፣ «እኔ ጋ ተናገሪ፣ ምንም የለም» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና በሹክሹክታ፣ «ለቲቸር ታምሩ ቃል ገብቻለሁ» አለች። ሄጄ ልቀቃት ብዬ ለመንኩት። «ዳታው ይበላሻል» አለኝ። የልጅ ምላስ ዳታ ሆነ!

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፤ አንገቷን ደፍታ ከሥር ስትስቅ አያታለሁ። በኋላ መሳቋን ተወች። የአንድ ለአምስት መሪ ነበረች፤ መሪ ዝም ሲል ምን ያደርጋል ብለው ሌላ ሾሙባት። የሒሳብ ፈተናዋም ማዘቅዘቅ ጀመረ። የማይጠይቅ ልጅ ያልገባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በማግስቱም ሌላ ያልገባው ይጨመርበታል። ብዙም ሳይቆይ ዝምታው ሱቁ ድረስ ተከተላት። ደንበኛ ሲመጣ ወደ አባቷ ታያለች።

ዩኑስ ትምህርት ቤት መጣ። መምህራን ማረፊያው በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄን ምን ነካብኝ? ወላሂ፣ ቤቱ ጸጥ አለብን።»

«አይዞህ፣ አታስብ» አለ ታምሩ፣ በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ እያለ። «ጥናት ላይ ናት። አሁን ቤዝላይን፣ መነሻው ነው። ከዚያ በኋላ ትሻሻላለች።»

«መቼ ነው የሚያልቅላት?»

«በመጋቢት።»

ዩኑስ አመስግኖ ሄደ። ከመርካቶ የሚመጣ ጭነት ቀን እንደተቆረጠለት ሰው እፎይ ብሎ ነበር የሄደው። ያን ጊዜ ያንን ባለሦስት ቀለም ደረት በጥፊ ባጠፋው ደስ ይለኝ ነበር።

ግምገማ ላይ እጄን አወጣሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ዝም በሉ ተብለው ነው ዝም ያሉት፣ ዓይን አፋሮቹ ኋላ ነው የተቀመጡት አልኩ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌታቸው ጣሪያውን አዩ። ታምሩ ተነስቶ፣ በቤቱ ውስጥ የለውጥ እንቅፋት የሆነ አመለካከት መኖሩን በሐዘን ገለጸ። የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ተቆረጠ። አቶ ጌታቸው በኋላ ብቻዬን ጠርተው፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እትዬ ወርቅነሽ» አሉኝ። ጥናቱ እሳቸውንም እንደጨመረ ገባኝ።

መጋቢት ደረሰ። ታምሩ ረድፉን አስነስቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ተናገሩ!» አላቸው። ለፍላፊዎቹ ግድቡ እንደተከፈተ ጮኹ። የኡሙልኸይር ተራ ሲደርስ ቆመች። አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ ቀጭንና የተሰነጠቀ ነበር፤ ክፍሉ ሳቀ። ልጆች ናቸው፣ ይስቃሉ። ታምሩም ግን አብሮ ሳቀ። «ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ?» አላት። ተቀመጠች፣ ከዚያም አልተነሳችም። ይህን ሔኖክ ሲነግረኝ እንኳ አላስተላለፈውም፤ መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ።

እንግዶች ከበላይ መሥሪያ ቤት መጥተው ጥናቱን ሲያዩ እኔም ከኋላ እንድቆም ታዝዤ ነበር። ግድግዳው ላይ በቀይ የተሠመረ ግራፍ ተለጥፏል፤ ከታች ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ረድፉ ጥያቄ ከማለቁ በፊት ይመልሳል። እንግዶቹ ተደነቁ። አንዱ፣ ጥሩ ሰው ይመስላል፣ ጎንበስ ብሎ ኡሙልኸይርን፣ «አንቺስ፣ የምትጠይቂን ነገር አለ?» አላት።

ሁላችንም ጠበቅን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ስለ ሐይቁ ልትጠይቅ ይሆን ብዬ ጓጓሁ። ምንም አልወጣም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እሷ ገና ቤዝላይን ላይ ናት» አለ ታምሩ።

እንግዳው በመረዳት ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ሻይ ሄዱ። ከአንጀቴ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፣ ሽንት ቤት ገብቼ።

ጥናቱ «ምርጥ ተሞክሮ» ተባለ። ምርጥ ተሞክሮ ከተባለ ደግሞ ይስፋፋል። በቀጣዩ ዓመት ክፍል ሁሉ የራሱን ዓይን አፋሮች እንዲለይ ታዘዘ። መምህራኑ ሞኞች አይደሉም፤ ወረቀቱን ሳይሆን ታምሩ የሠራውን አይተው ሠሩ። ከየክፍሉ ጠያቂዎቹና ቀልደኞቹ እየተለቀሙ ፊት ተቀመጡ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ትምህርት ቤታችን እንደ መቃብር ጸጥ አለ። ሊጎበኙን የመጡ ሰዎች ሥነ ሥርዓታችንን አመሰገኑ። ታምሩ መሪ መምህር፣ ከዚያም ሱፐርቫይዘር ሆነ። የእውነት ዓይን አፋሮቹን ያስታወሰ የለም። እኔ ሮዳስን ከትምህርት በኋላ እያስቀረሁ ብቻዋን አናገርኳት፤ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ አነበበች። ግራፍ አልሠራሁላትም።

ኡሙልኸይር ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ፣ በክረምት፣ ጫማ ልገዛ ዩኑስ ሱቅ ገብቼ ነበር። እሷ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች፤ አድጋለች፣ ሻርፗን አሳምራ አስራለች። ዋጋ ስትጠየቅ በጣቷ ታሳያለች። ዝናቡ አባሮት ይመስለኛል፣ ታምሩ ዘው ብሎ ገባ። ሱፉ ረጥቧል። እኔን ሰላም አለኝ፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላ አንስቶ፣ «ስንት ነው?» አላት።

ጣቶቿን አነሳች።

አላወቃትም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጨርሶ አላወቃትም! ወደ ዩኑስ ዞሮ በዚያ በሥልጠና ድምፁ፣ «ይህች ልጅህ ዓይን አፋር ናት» አለው። «ዝም ብለህ እንዳትተዋት። እኛ ያጠናነው ዘዴ አለ፣ ቢሠራባት ትለወጥ ነበር።»

ዩኑስ ጫማዬን በላስቲክ እየከተተ ነበር። እጁ ቆመ።

«ተሠርቶባታል፣ ቲቸር» አለው።

አልገባውም። እንዴት ይገባዋል? ፈገግ ብሎ ወደ ልጅቷ ተመለሰና ጃንጥላውን ከፍቶ እየዘጋ፣ «በይ ትንሽ ቀንሺልኝ» አላት።

ኡሙልኸይር አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ አንገቷን አልደፋችም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ እንግዶቹ እንደመጡ ቀን።

«አይቀንስም» አለች።

ድምፁ የተሰነጠቀ ነበር፣ ግን ድምፅ ነበር። ታምሩ ከት ብሎ ሳቀ። «አየህ?» አለ ለዩኑስ፣ «ትንሽ ማበረታታት ብቻ ነው የሚፈልጉት!» ሙሉውን ከፍሎ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ባጃጅ እየጠራ ወጣ። እስካሁን በዚያ ቃል የሚመጻደቅ ይመስለኛል፤ ይመጻደቅ።

ዩኑስ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ እንደተቀመጠ ተወው። በደንብ ሰምቷታል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ የሰማሁትን እሱ አጠገቧ ሆኖ አይስተውም።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?» አላት።

ደግማ አለችው።