ጨርቅ ያለባት ቁራሽ

ሞሪን ጨርቋን ሊጡ ውስጥ ወሸቀቻትና ላዩን በቢላ ጫፍ ጫር አደረገችው።

«አሊ፣ እዚህ የተጫረው ጋ ያለችው ቁራሽ ለኤለን ናት። የምትቆርሰው አንተ ነህ።»

እሺ አልኩ።

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያሉት አይሪሾች በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ አዳራሻቸው ውስጥ የዘቢብ ዳቦ ይጋግራሉ። ውስጡ ቀለበትና ቁራጭ ጨርቅ ይደብቃሉ። ቀለበት የደረሰው ያገባል፣ ጨርቅ የደረሰው ይደኸያል ይላሉ። ጨዋታ ነው፤ ለማን እንደሚደርስ ማንም ማወቅ የለበትም። እኔ እዚያ ትሪ አጥባለሁ። ልጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሥራው ሲያልፍ ድሮፕ ያደርገኛል።

ያን ቀን ምርጫም ነበረባቸው። የአዳራሹ ሊቀመንበር ሞሪን ናት፤ ስንት ዓመቷ። ኤለን የምትባል ባሏ የሞተባት ጭምት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረቻት። ሰዉም ወደ ኤለን አድልቶ ነበር፤ ሲያወሩ እሰማለሁ።

ዳቦው እስኪበስል ሞሪን ልጆቹን ሰብስባ የአገራቸውን ረሃብ ታወራላቸዋለች። ድንቹ መሬት ውስጥ እንደበሰበሰ፣ ሰው ሣር በልቶ መንገድ ላይ እንደቀረ፣ ሃይማኖቱን ለቀየረ ብቻ ሾርባ የሚሰጡ ሰዎች እንደነበሩ። አወራሯ ያምራል፤ እኔም እጄን ከውሃው አውጥቼ እሰማለሁ። ያን ቀን ግን ጨመረችበት።

«ሾርባውን ማን እንደጠጣ ታውቃላችሁ? የኤለን ቅድመ አያት!»

«የኛዋ ኤለን?» አለ አንዱ።

«የናንተዋ! ሃይማኖቱን ለአንድ ጭልፋ!»

ልጆቹ እየሳቁ ተንጫጩ። ይህን ሳቅ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ወሎ፣ አያቴ ከመግሪብ በኋላ እሳት ዳር ተቀምጠው ያወጉን ነበር፤ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ጋዙ እንዳያልቅ ኩራዙ ጠፍቶ በፍሙ ብርሃን ጺማቸው ቀላ ብሎ እየታየን፣ ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማቸዋለን። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያኔ የማውቀው ሁሉ ከሳቸው አፍ የወጣ ነው። አንድ ምሽት የክፉ ቀን ወሬ አመጡ። ወታደር እህል ሲቀማ፣ የጎረቤቱን የእህል ጉድጓድ ጠቁሞ አንድ ቁና እህል የተሰጠው ሰው ነበር አሉ።

«ማን ነው አባባ?»

ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና «የዘሀራ አያት ነዋ» አሉ።

ዘሀራ እኩያዬ ናት። በማግስቱ ወንዝ ዳር ስትመጣ «የጠቋሚ ዘር! ዛሬ ደግሞ የማንን ጉድጓድ ልታሳዪ ነው?» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሌላ ሰው አይደለም። ልጆቹ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር መሬቱን እየጠቆምን «እዚህ ነው! እዚህ ነው!» እንላታለን። አንድ ቀን እንስራዋን ሰበርንባት። ዓመት ሳይሞላ አባቷ ዕቃቸውን በአህያ ጭኖ ቤተሰቡን ይዞ ከአገር ወጣ።

አያቴ ሲሰሙ አልተቆጡኝም። «ውሸት ነው እንዴ?» አሉ።

ውሸት አልነበረም። ሰውዬው በዚያች ቁና ከሞት ያተረፈው ሕፃን ልጁን፣ የዘሀራን አባት፣ እንደሆነ የሰማሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። አያቴ ያውቁ ነበር። ለኛ ሲያወጉ አስቀሩት እንጂ።

ዳቦው ወጣ። ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ተሰለፈ። ትሪውን ትንሽ ባዞረው ኖሮ ጨርቋ ለሌላ ሰው ትደርስ ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። አላዞርኩትም። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ፍርሃትም አልነበረም። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ይነቅዛል። የተጫረውን ቆረስኩና ሰጠኋት።

«ታንክ ዩ፣ አሊ» አለችኝ።

ጎረሰች። ጨርቋን ከጥርሷ መሀል ስትስብ ሞሪን አጨበጨበች። «እዩ፣ ዳቦው እንኳ ያውቃታል!»

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ልጆቹ ጠረጴዛውን በማንኪያ እየደበደቡ «ሾርባ! ሾርባ!» ይላሉ። ዝም በሉ ያላቸው ትልቅ ሰው የለም፤ ገሚሱ ፈገግ እያለ ጫማውን ያያል። ኤለን ጨርቋን ሳህኗ ዳር አስቀመጠች፣ አፏን ጠረገች፣ ተነስታ «ስሜን ሰርዙት» አለች። ሞሪን ያለ ተወዳዳሪ ተመረጠች። ያንኑ ዳቦ እየበሉ ነው እጃቸውን ያወጡላት።

ትሪ ሳጥብ ኤለን ወጥ ቤት ገባች።

«እያወቅህ ነው የሰጠኸኝ?»

«አዎ» አልኩ።

ብትሰድበኝ ደስታዬ ነበር። ዘሀራም አልሰደበችኝም። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ያን ስድብ እስካሁን እጠብቃለሁ። ከአያቴ ወሬ ስንቱ ጠፍቶኛል፤ ስንቱ ጀግና፣ ስንቱ ብልህ፤ የቀረኝ የዘሀራ ዝምታ ነው። ኤለን ኮቷን ለበሰች። ከመደርደሪያው በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ዳቦ አውርዳ አጠገቤ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አዳራሹን ረግጣው አታውቅም።

«ይቺ ያንተ ናት» አለችኝ። «የሌሎቹ ዘቢብ ውስኪ ውስጥ ነው ያደረው፤ ያንተን ለብቻው በሻይ ነከርኩልህ።»