ሃምሳኛው ብልቃጥ

የሰው ባል ቅዳሜ ኳስ ያያል፣ ወይ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። የኔው ፍስሐ እርሳስ ያቀልጣል። ዌስት አዳምስ ካለው ቤታችን ጀርባ ያለችው ጋራዥ መኪና አድሮባት አያውቅም። ውስጧ የእርሳስ ማቅለጫ፣ የአረር ማውጫ ቅርጽ፣ በባልዲ የተሞላ ባዶ ቀለህና የሰም ሽታ ነው። ከጎማ ቤት የለቀመውን አሮጌ የጎማ ሚዛን እርሳስ አቅልጦ አረር ያወጣል፣ አረሩን በሰምና በሞራ ይቀባል፣ ቀለሁን በጥቁር ባሩድ ይሞላል። ይህ ሁሉ ድካም የሁለታችን ዕድሜ ቢደመር ለማይደርስባት አንዲት ጠመንጃ ነው።

ጠመንጃዋ የምትጎርሰው ከቃታዋ ሥር ያለው ማንሻ ወደታች ተገፍቶ ወደላይ ሲመለስ ነው። እኔ፣ አንድ ብቻ በምትጎርሰው በድሮዋ ጠመንጃ ስም፣ «ቆመህ ጠብቀኝ» እላታለሁ። እሱን ይከፋዋል።

«ይቺ እኮ አሥር ትጎርሳለች» ይለኛል፣ የተሰደበው እሱ ይመስል።

ምን እንዳገኘባት አንድ ቀን አምርሬ ጠየቅሁት። ፍስሐ ፌርፋክስ ላይ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለ ፓርኪንግ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። «ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ነው ፓርክ የማደርገው» አለኝ። «ሃምሳ ሜትር ነድቼ ቁልፉን እሰቅላለሁ። ይኼ ግን ከእሳቱ ጀምሮ የኔ ነው።»

ጥይት ሲሞላ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ሃምሳ ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ ባሩዱን እኩል እኩል ለክቶ ያስቀምጣል። ከዚያ ሃምሳ ቀለህ ይደረድርና አንዱን ብልቃጥ ባንዱ ቀለህ ላይ ይገለብጣል። ባዶዎቹን ብልቃጦች ወደ ሣጥናቸው ይመልስና አረሩን ከላይ ይገጥማል። «ገልብጬ ሳልጨርስ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አትጥሪኝ» ብሎኛል። ቤቱ ቢቃጠል! ያቺ ንግግር አንጀቴ ውስጥ ገብታ ቀረች።

በ2014 ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ምሽት የጸሎት ቡድናችን እኛ ቤት ተሰበሰበ። ታላቃችን እትዬ ወሰንየለሽ ገና ጫማቸውን እያወለቁ ነበር፤ ማንም ፍስሐን አልጠየቀም። እኔ ግን ጋራዥ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሰው መጥቷል፣ ተነስ።»

«አንድ ረድፍ ነው የቀረኝ፣ ዶርቃ። ፋይቭ ሚኒትስ።»

«አሁን!»

ተነሳ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ ተመልሶ ጨረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ተኩስ ቦታው ሄደ። አንዱ ታክሲ ነጂው ግርማ ነው፤ ሌላው ጡረተኛው ጋሼ አሥራት ናቸው። ቦታው ከፓሳዴና በላይ ተራራ ውስጥ ነው። ስልኩን ደጋግሞ እያየ ነበር የወጣው። እናቱ ደብረ ዘይት ታመው ከተኙ ወር አልፏቸው ስለነበር ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ማንቆርቆሪያዬን ፍለጋ ጋራዥ ገባሁ። የጠመንጃዋን በርሜል የሚያጥበው በእኔ ማንቆርቆሪያ ባፈላው ውሃ ነው፤ ይህም ሌላው ጠባችን ነው። ከእርሳስ ማቅለጫው ኋላ አንድ ብልቃጥ ቆሟል። አነሳሁት። ባሩድ ሞልቶታል።

እኔ ፓሳዴና ባለ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። የገባው ጨርቅ ሁሉ ተቆጥሮ መውጣት አለበት፤ ቁጥሩ ካልገጠመ በሽተኛው አይሰፋም። ስለዚህ ያንን ብልቃጥ እንዳየሁ ነገሩ ገባኝ። ስጠራው በእጁ ይዞት ነበር፣ ተነስቶ እዚያ አቆመው፣ ሲመለስ ረሳው። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ባዶ ስለነበሩ የጨረሰ መሰለው። ከሃምሳው ጥይት አንዱ ባሩድ የለውም ማለት ነው።

ባሩድ የሌለው ጥይት ምን እንደሚያደርግ ራት ላይ ስንቴ ነግሮኛል። ከሥሩ ያለችው መለኮሻ ብቻዋን ትፈነዳና አረሩን ገፍታ በርሜሉ መሃል ወትፋው ትቀራለች። ተኳሹ የከሸፈ መስሎት ሌላ ያጎርሳል። ሁለተኛው አረር መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ያኔ ብረቱ ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ይፈነዳል።

ደወልኩ። ተራራው ውስጥ ስልክ አይሠራም። የተኩስ ቦታው ቢሮ ስልክም ማንም አላነሳም። ያገኘሁትን ጥቁር ሻርፕ በቤት ቀሚሴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረግሁ፣ ብልቃጡን እንደያዝኩ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ፍሪዌይ 110 ላይ የመኪናው ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ጌታ ሆይ፣ ዓይኑን» እላለሁ። «ዓይኑን ብቻ፣ ፊቱን ብቻ፣ ኧረ ሁሉንም!» ሃምሳ ጥይት ለመተኮስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እየተኛሁበት ስንት ሌሊት አውርቶኝ ይህንን አልጠየቅሁትም። ስለ እልኬ አንድ ቃል ለጌታ መናገር አቃተኝ፤ አፍሬ ነበር።

ስደርስ የጥቁር ባሩድ ጭስ ተኳሾቹን ሸፍኗቸዋል። ሽታው የገማ እንቁላል ነው። ተቆጣጣሪው ነጩ ሰውዬ የጆሮ መሸፈኛ የለሽም ብሎ አገደኝ። በትከሻው በኩል አየሁት፤ ፍስሐ ጫፍ ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስደግፏል። ድው! አለች ጠመንጃዋ። ነጭ ጭስ ወጣ። በሕይወት አለ፣ ደህና ነው። ማንሻውን ገፍቶ መለሰ፣ አነጣጠረ።

ጡስ።

ጭስ የለም፣ ድው የሚል ድምፅ የለም። ፍስሐ ራሱን ነቀነቀና ማንሻውን ገፍቶ ሌላ አጎረሰ። ጉንጩ ወደ ሰደፉ ተመለሰ።

«ፍስሐአአ!»

ቁርስ ቀርቧል ብዬ ከጎኑ ቆሜ ስጠራው የማይሰማኝ ሰው፣ ያን ሁሉ ተኩስና የጆሮ መሸፈኛ አልፎ ሰማኝ። ዞረ። እግሬን ረግጬበት የማላውቀው ቦታ፣ በቤት ቀሚስ፣ በጥቁር ሻርፕ፣ እንባዬ እየወረደ አየኝ። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ!» አለና በጉልበቱ ወደቀ። «ወይኔ እማዬን!»

መርዶ ይዤ የመጣሁ መስሎታል። የመሰለው እሱን ብቻ አይደለም። ግርማ ሮጦ ትከሻውን ያዘው። ጋሼ አሥራት ደግሞ ወደኔ መጥተው ክንዴን ጨበጡ።

«ጋሼ፣ ጠመንጃው...»

«ዝም በይ፣ ልጄ።» መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ። «እዚህ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ቤቱ ነው የሚነገረው። ምን ነካሽ?»

«አይደለም፣ ስሙኝ...»

«በሞትኩት! ቻይው!»

ስድስት ወንድሞቻቸውን የቀበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ሁሉ ርኅራኄ አፌን አፍነው ይዘውኛል። በትከሻቸው አሻግሬ ግርማ ፍስሐን ትቶ ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ አየሁ።

«ጎርሳለች እኮ» አለ ግርማ። «እንዲህ ትተናት አንሄድም። ወደ ተራራው ልልቀቃትና ባዶ ትሁን።»

አነሳት። ወደ ጉንጩ አስጠጋት።

በሕይወቴ ሽማግሌ ገፍቼ አላውቅም። ጋሼ አሥራትን በሁለት እጄ ገፋኋቸው፤ ወደኋላ ተንገዳገዱ። «ስቶፕ!» አልኩ ባለ በሌለ ድምፄ። «ግርማ፣ አትተኩስ! በርሜሉ ተዘግቷል! ስቶፕ!»

ተቆጣጣሪው እንግሊዝኛዋን ሰማ። ተኩስ እንዲቆም «ሲዝ ፋየር!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ቀጥ አለ። ግርማ ጣቱን ከቃታው ላይ አወጣ፤ ጣቱ ቀድሞ እዚያ ነበር።

ተቆጣጣሪው ጠመንጃዋን ተቀብሎ ጥይቶቿን አወጣ። ከዚያ ቀጭን እንጨት በአፈሙዟ አስገባ። እንጨቱ ሙሉ በሙሉ መግባት ሲኖርበት ግማሹ ውጭ ቀረ። በመዶሻ ቀስ ቀስ አድርጎ ሲመታው አረሩ ዱብ አለ። ግርማ አየውና ሄዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ፍስሐ አሁንም ያለቅሳል። እሱን አረሩ አላሳሰበውም።

«እማዬ መቼ ነው ያረፈችው?»

«ደህና ናቸው። ማንም አልሞተም። አንተ ልትሞት ነበር።» ብልቃጡን አሳየሁት።

ተቀብሎኝ ብዙ ጊዜ አየው። ፊቱ ገረጣ። «ሐሙስ» አለ። «ሳልቆጥር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መቁጠር ነበረብኝ።»

እኔ ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጋሼ አሥራት ቆመው ይሰሙናል፤ ተቆጣጣሪው ቆሟል።

«የኔ ነው» አልኩ። «እትዬ ወሰንየለሽ አልጠሩህም ነበር። መጠበቅ ይችሉ ነበር። ሆን ብዬ ነው ያስነሳሁህ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«እንግዶቹ ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር እኮ። የቸኮለ ሰው አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ?»

ባሩድ ባጠቆረው እጁ እንባውን ሲጠርግ ጉንጩ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። እንደ ሞኝ ነው ያየኝ።

«ስለጠራሽኝ ነዋ» አለ።