ሁለት ሁለት ሆነው የደረሱት ሹፌሮች

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ከሐዋሳ ተነሣሁ። የምሄደው ኬንያ ሞያሌ ወዳለ አንድ የከባድ መኪና ሹፌሮች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ወደ ደቡብ የሚወርዱ ሹፌሮችን ይመዘግባል፤ ሲደርሱም ለቤተሰብ ይናገራል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወሩ የደረሱትን ዝርዝር የሚያወጣውን አጭር ፕሮግራም የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን “የዳታ ዓይነት አልተጣጣመም” ብሎ ቆመ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ በስልክ አንድ መስመር አስጨመርኩ፦ ስሕተት ሲገጥምህ ዝም ብለህ እለፍ የሚል። ዝርዝሩ መውጣት ጀመረ።

ትናንት ግን የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ገልገሎ ደወሉ። “ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚደርሱት። አንዱ ናይሮቢ፣ አንዱ ሞምባሳ፣ ግን በአንድ ደቂቃ።”

ከያቤሎ ወዲያ ነፋስ አልነበረም። የምስጥ ኩይሳዎቹ ከሰው ቁመት በልጠው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ አውቶቡሱ ባለፈ ቁጥር ዞረው የሚያዩን ይመስለኝ ነበር። ሜጋ ላይ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ጠጣሁ። ሞያሌ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ድንበሩን በእግር ተሻገርኩና ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። አቶ ገልገሎ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው።

“ካሪቡ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። በስልክ የምታዢኝ አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ትልቅ ሴትዮ መስለሽኝ ስፈራሽ ነበር።”

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ገና መንገድ ላይ ባሉት ሰዎች ስም ትይዩ፣ የመድረሻ ቀን በሚሞላበት ቦታ “ናጋ” ተብሎ ተጽፏል።

“ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ሰላም ማለት ነው። ሰው መንገድ ላይ እያለ ቦታውን ባዶ አንተውም። ባዶ ቦታ ክፉ ይጠራል። በወረቀቱም ጊዜ እንዲሁ ነበር።”

ያን ጊዜ ገባኝ። ፕሮግራሜ የእያንዳንዱን ሰው መድረሻ ከመዝገቡ ሶፍትዌር ይጠይቃል። ቀን ሲጠብቅ ቃል ይመጣለታል፤ ቃሉን መቀበል አይችልም። እለፍ ስላልኩት ያልፋል፤ በእጁ የቀረውን የፊተኛውን ሰው ቀንና ሰዓት ግን በሚቀጥለው ስም ላይ ያትማል። መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ከፊቱ ካለው ሰው ጋር ይደርሳል።

ያችን መስመር ሰረዝኩ። የመጣው ነገር ቀን መሆኑን አስቀድሞ እንዲያጣራ፣ ካልሆነም ቃሉን እንዳለ እንዲያትም አደረግኩ። አቶ ገልገሎ ከኋላዬ ቆመው፣ “ናጋን እንዳታጠፊያት” አሉ።

አላጠፋኋትም። አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ ከደረሱት መካከል ዘጠኝ ስሞች ወደ መንገድ ተመለሱ። ለሁሉም ደወልን። ስምንቱ አነሡ። የዘጠነኛው ሹፌር፣ የጀማል ስልክ ዝግ ነው።

አቶ ገልገሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። “ለእህቱ ለሶፊያ ደረሰ ብያታለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነው። ለጎረቤት ቴምር አከፋፍላለች።”

ሐሙስ ጠዋት

“እኔ እነግራታለሁ፤ አንቺ አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ” አሉኝ አቶ ገልገሎ። ሄደው በእኔ ፈንታ እንዲናገሩ በጣም ፈልጌ ነበር። ግን ሶፊያ ወደምትኖርበት ኦዳ መንደር አብሬያቸው ሄድኩ።

ሶፊያ በሩ ላይ ተቀበለችን። “ስሕተቱ የእኔ ነው” አልኳት። “ጀማል መድረሱን ያየ ሰው የለም።”

ወደ እኔ ዞረች። “ታዲያ የደረሰው ማን ነው?”

“የሌላ ሰው ቀን ነው ስሙ ላይ የታተመው።”

“እኔ እኮ ደርሶ ድምፁን ነፈገኝ ብዬ ተቀይሜዋለሁ። ሁለት ሳምንት አልደወልኩለትም።”

አላለቀሰችም። ምንጣፍ አነጠፈችልን። ከማርሳቢት ጀምሮ ጀማል የሚያድርባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ጻፍኳቸው። አቶ ገልገሎ የቦታዎቹን ስልክ ቁጥሮች ከደብተራቸው አነበቡልኝ። አውቶቡሴ በሚነሣበት ሰዓት ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ወደ መጀመሪያው ቁጥር እየደወልኩ ነበር።